ቀን የምትገፋው ጣት

ቁጣዬ ከእናቴ ነው ይላሉ፤ እጄ ግን የአባቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ፣ በአንድ ጫማ ቤትና በአንድ ሞባይል ቤት መሀል በተወሸቀች የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ ሰዓት እሠራለሁ። እሠራለሁ ስል አትሳሳቱ፤ አብዛኛው ሥራዬ ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ነው። "ሴት ደግሞ ሰዓት ትከፍታለች እንዴ?" የሚለኝ ሰው ዛሬም አይጠፋም። "ሰዓቱ ማን እንደ ከፈተው በምን ያውቃል?" እለዋለሁ። የሚስቅ ይስቃል፣ የሚሄድ ይሄዳል።

ሣጥኗ የአባቴ ነበረች። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ቀን ወረንጦውን አስቀመጠና ቤት ገባ። ለሰው የምንናገረው ዓይኑን ሞራ ስለ ጋረደው፣ እጁም መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ነው እያልን ነው። ውሸት ነው። ሞራውም መንቀጥቀጡም በኋላ የመጡ ናቸው፤ ያኔ ዓይኑ ደህና ነበር። ቤት ያስገባው አንድ ቃል ነው፤ ሌባ የሚል ቃል።

ቃሉን የተናገሩት የገዛ ወዳጁ ናቸው። ደብረ ኤልያስ ዕድሜያቸውን ሙሉ በድሬሰርነት የሠሩ፣ በአካባቢው እሳቸው መርፌ ያልወጉት ልጅ የለም የሚባሉ ሰው ናቸው። በየወሩ በሃያ አንድ እዚህ ማርቆስ ድረስ እየመጡ ከአባቴ ጋር የማርያም ማኅበር ይጠጡ ነበር። አንዲት የስዊስ ሰዓት ነበረቻቸው፤ በወጣትነታቸው አብሯቸው የሠራ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ከእጁ ፈትቶ የሰጣቸው።

ያቺ ሰዓት ሰዓት ብቻ አይደለችም። ክሮኖግራፍ ይሏታል። ጎኗ ላይ፣ ከመሙያዋ በላይና በታች፣ ሁለት ቁልፎች አሏት። የላይኛውን ሲጫኑት መሀል ላይ ያለችው ቀጭን ቆጣሪ ትነሳለች፤ ደግመው ሲጫኑት ትቆማለች፤ የታችኛውን ሲጫኑ ብር ብላ ወደ መነሻዋ ትመለሳለች። በገጿ ዳር ዳር በቀይ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ እነሱ ለሐኪም ናቸው። የበሽተኛውን እጅ ይዘህ ቁልፉን ትጫናለህ፣ ሠላሳ ትርታ ትቆጥራለህ፣ ሠላሳኛው ላይ ታቆማታለህ። ቆጣሪዋ የቆመችበት ቀይ ቁጥር ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ይነግርሃል። ማባዛት የለ፣ ማካፈል የለ። ድሬሰሩ በእሷ የስንቱን አራስና የስንቱን ወባ የያዘው ሰው ትርታ እንደ ቆጠሩ እግዜር ይወቀው።

ሆዷን መጀመሪያ ያየሁት አባቴ ሊያጸዳት የከፈታት ቀን ነው። "ነይ እዪ" አለኝና ማጉያውን ሰጠኝ። ከምስር ፍሬ በማትበልጥ ክብ ብረት ላይ ስድስት ምሰሶዎች ቆመዋል። ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር ክቧ አንዲት ጥርስ ትዞራለች፤ አንዱ ማንሻ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሌላው በምሰሶዎቹ መሀል ይወድቃል። ሂጂ፣ ቁሚ፣ ተመለሺ የሚለው ትእዛዝ ሁሉ የሚወጣው ከዚያች ነው። ከዚያ ደግሞ የልብ ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት አለች። ቆጣሪዋ የትም ትድረስ የት፣ መዶሻ መሳይ ብረት መጥታ ያቺን ልብ ስትጫናት ልቧ ዞራ ሁልጊዜ እዚያው መነሻዋ ላይ ታርፋለች። አባቴ ይህን ሲያሳየኝ ድምፁ እንኳ ይለወጥ ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። አንዷን ማንሻ በወረንጦ አንሥቶ ገለበጣት። የታችኛው ጎኗ፣ ማንም የማያየው ጎኗ፣ ጠርዙ ተሞርዶ እስኪያበራ ድረስ ተወልውሏል። "እዪው እንግዲህ! ይህን የወለወለው ሰው እዚያ ስዊስ አገር ተራራ ሥር ተቀምጦ፣ አንድ ቀን አንድ ባለሙያ እንደሚከፍተው አውቋል። ለኔ ብሎ ነው እኮ የወለወለው!" አለኝ። ሌባ የተባለው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ጠቡ የመጣው በቀን ማሳያዋ ነው። ገጿ ላይ ቀን የምታሳይ ጠባብ መስኮት አለች። ከውስጥ ጣት የምትመስል ቀጭን ብረት በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሁለቱ ዐሥራ ሁለቶች በአንዱ፣ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ቀለበት ትገፋለች፤ ያኔ ቀኑ ይዘላል። ድሬሰሩ "ማታ በዐሥራ ሁለት ነው የምትዘለው፤ ገና ፀሐይ ሳትገባ ነገ ትለኛለች" ብለው አመጧት። አባቴ አጸዳት፣ ዘይት ቀባት፣ ቀኗንም በእኛ ደንብ ጠዋት በዐሥራ ሁለት እንድትዘል አድርጎ አስተካከለላቸው። ሲያስረክባቸውም ሰዓት ሠሪ ሁሉ የሚለውን አለ፦ "ቀኗን ሌሊት እንዳትነካት።" ስዊሶቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። ጣቷ ቀለበቱን ይዛ በምትገፋበት ሰዓት በእጅ ሲያዞሯት ትሰበራለችና።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ጣቷ ተሰበረች። መለወጫ ከየት ይምጣ? አባቴ ከብረት ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አዲስ ጣት በእጁ ሠራላት። እሷም ተሰበረች። ድሬሰሩ ተናደው አዲስ አበባ ይዘዋት ሄዱ። እዚያ ያለ አንድ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ አየና "ይህ እኮ በእጅ የተሠራ ነው፤ ኦርጅናሉን ወስደውብዎታል" አላቸው። በሚቀጥለው ሃያ አንድ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ በተቀመጠበት፣ "የሰዓቴን ኦርጅናል ዕቃ ሸጠህ ቆርቆሮ ከተትክልኝ! ሌባ ነህ!" አሉት። አባቴ የያዘውን ጠላ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወደ ማኅበሩም ወደ ሣጥኗም አልተመለሰም።

እኔ በሕይወቴ አንድ ነገር ነበር የምመኘው። አባቴ ሳይሞት ያ ቃል ከላዩ ሲነሳለት ማየት፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ዘንድሮ መስከረም ሊያልቅ ሲል ድሬሰሩ ሣጥኔ ፊት ቆመው አየኋቸው። ጡረታ ወጥተው ማርቆስ መኖር ጀምረዋል። ከዘራ ይዘዋል፤ ሰዓቲቱን በመሐረብ ጠቅልለዋታል።

"ከአዲስ አበባ ወዲህ ይህችን የሚከፍት ሌላ የለም አሉኝ" አሉ። "አንቺ እንኳ ከአባትሽ ትሻይ እንደሆን ብዬ ነው።"

ደሜ ፈላ። "ኧረ ወዲያ ይውሰዷት!" ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ይህቺ ሰዓት ለዐሥራ አንድ ዓመት ስፈልጋት የኖርኩ ሰዓት ናት፤ በገዛ እግሯ መጥታ እንዴት እመልሳታለሁ? ጥርሴን ነክሼ "ይቀመጡ ጋሼ" አልኳቸው።

ስከፍታት የተሰበረችው የአባቴ ጣት እዚያው ውስጥ አለች። ያ የአዲስ አበባ ሰው እንኳ ሳይነካት ዘግቷታል። በወረንጦ አውጥቼ ገለበጥኳት። የማይታየው ጎኗ ተወልውሏል። ይህን የሚያደርግ ሰው ቆርቆሮ ከተተ ይባላል? እዚያው ሣጥኗ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሞባይል ቤቱ ያለው ጎረቤቴ ጥርሷን አሟት ነው ብሎ የሕመም ማስታገሻ አመጣልኝ።

ለአባቴ ምንም አልነገርኩትም። ከአሮጌ ሞላ ቁራጭ ወስጄ፣ አግዬ አጠንክሬ፣ ሦስተኛዋን ጣት ሠራሁ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፤ ሦስት ጊዜ ከወረንጦው አምልጣ ወለል ላይ ወድቃ እየዳህኩ ፈልጌያታለሁ። መስከረም ሠላሳ ቀን ጨረስኩ። ቀኗንም እንደ አባቴ ጠዋት በዐሥራ ሁለት እንድትዘል አደረግኋት።

በማግስቱ ጥቅምት አንድ፣ ልደታ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ድሬሰሩ ከቅዳሴ ወጥተው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። ሰዓቲቱን ሰጠኋቸው። ቁልፉን ተጫኑ፤ ቆጣሪዋ ተነሳች፤ ፊታቸው በራ። "ቀኗን ሌሊት እንዳይነኳት" አልኳቸው።

"ሌሊትማ ምን ቆርጦኝ! አባትሽም ብሎኛል። አንድ ቀን ሌሊት ነክቻት አላውቅም።" ከዚያ መስኮቷን አዩና ሳቁ። "ይቺ ጉደኛ፣ ሠላሳ አንድ ትላለች እኮ። የፈረንጅ ወር መሰላት። ዛሬ ልደታ አይደል?" አሉና፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ መሙያዋን ሳብ አድርገው አዞሩት።

ቀጭ!

ያን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። ዘጠኝ ቀን የለፋሁባት ጣት ዓይኔ እያየ ተሰበረች። "ምን አደረጉ!" ብዬ ስጮህ ገበያተኛው ዞሮ አየን።

"ቀኗን ነዋ ያስተካከልኩት! እሷ እስከ ሠላሳ አንድ ትቆጥራለች፣ የእኛ ወር ሠላሳ ነው። በየልደታው ከቅዳሴ ስወጣ ሳስተካክል ነው የኖርኩት፤ እንቁጣጣሽ ላይማ ጳጉሜን አታውቃትም፣ ሃያ ስድስት ጊዜ ነው የማዞራት!" ሰዓቷን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። "ይኸው፣ አንቺም እንደ አባትሽ ቆርቆሮ ከተትሽልኝ ማለት ነው!"

የምመልሰው ስድብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምን የመሰለ ስድብ! ግን ተዋጠ። በየልደታው። ከቅዳሴ ስወጣ። ጠዋት። ወንበሬ ላይ ዘጭ አልኩ።

ነገሩ ይኸው ነው። የስዊሶቹ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው። ስለዚህ ሌሊት አትንኳት ይላሉ። የእኛ ቀን የሚለወጠው ግን ሲነጋ ነው። አባቴ መዝለያዋን ወደ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሲያመጣው አደጋውም አብሮ መጣ፤ ጣቷ ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ ጠዋቱ ሦስት ቀለበቱን ይዛ ነው የምታድረው። ማስጠንቀቂያው ግን እዚያው ሌሊት ላይ ቀረ። እኚህ ሰው የተነገራቸውን አክብረው ሌሊት አልነኳትም፤ ጠዋት ጠዋት በገዛ እጃቸው ሲሰብሯት ኖሩ። እኔም ያንኑ ስሕተት ደገምኩት።

ይህን ሁሉ በጣቴ ገጿ ላይ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። መጀመሪያ "አሃ" አሉ። በመጨረሻ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና መልሰው ተቀመጡ።

"አባትሽ በሕይወት አለ አይደል?" አሉኝ።

"አለ። ይነሡ፣ አሁኑኑ እንሄዳለን።"

"እኔ እዚያ ቤት በምን ፊቴ እገባለሁ?"

"በዚሁ በያዙት ፊት!" አልኩና የኔን ስባሪ ከሰዓቲቱ አውጥቼ፣ የአባቴን ስባሪና ማጉያዬን ጨምሬ፣ ሣጥኔን ቆልፌ ባጃጅ ጠራሁ።

አባቴ ግቢ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። የከዘራውን ኮቴ ሰምቶ "ማን ነው?" አለ። ድሬሰሩ "እኔ ነኝ" አሉ። አባቴ ድምፁን አወቀው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ መሀላቸው ቆሜ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ፣ ከቀጭ እስከ ልደታ ያለውን አወራሁት።

ስጨርስ አባቴ ቀስ ብሎ ዞረ። "ጠዋት ነው የነካት?" አለ።

"በየልደታው ጠዋት፣ ከቅዳሴ ሲወጡ።"

ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ወይኔ! ሌሊት አልኩት እኮ! መቼ እንደሚነካት ሳልጠይቀው!" ወደኔ ዞረና "ከአልጋዬ ራስጌ ካለው ሣጥን ውስጥ ብልቃጧን አምጪ" አለኝ።

ብልቃጧ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ናት፤ ድሬሰሩ ራሳቸው በደጉ ጊዜ ለብሎን ማስቀመጫ የሰጡት። ውስጧ የተጣጠፈ ወረቀት አለ። ብፈታው ኦርጅናሏ፣ ስዊስ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ጣት፣ ተሰብራ እዚያው ናት።

"አባባ! ይህን ሁሉ ዓመት ይዘሃት ነበር? ለምን አላሳየሃቸውም?"

"ሌባ ላለኝ ሰው ደግሞ ኪሴን ገልብጬ ላሳየው?" አለኝ ቆጣ ብሎ። ቁጣዬ ከእናቴ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሦስቱን ጣቶች ነጭ ወረቀት ላይ ደረደርኳቸው፤ የስዊሱን፣ የአባቴን፣ የኔን። ሦስቱም ያው ቦታ ላይ ነው የተሰበሩት፤ ሦስቱም ወደ አንድ ወገን ጎብጠዋል። ድሬሰሩ በማጉያዬ ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ማጉያውን ሲያወርዱት ጉንጫቸው ርሷል።

"በድዬሃለሁ" አሉት።

"እኔም በድዬሃለሁ። ሌሊት አልኩህ።"

"የለም፣ የለም። አንተ ተሳሳትክ፤ እኔ ስምህን አጠፋሁ። ይህን እዚህ ጓሮ ብዬው አልቀርም። ቃሉን ያወጣሁት በማኅበር ፊት ነው፣ የምመልሰውም እዚያው ነው።"

አራተኛዋን ጣት ስሠራ አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልረገጣት ሣጥን ውስጥ! ጫማ ቤቱም ሞባይል ቤቱም መጥተው ጉልበቱን ሳሙት። ጣቷን ጨርሼ ስሰጠው በጥፍሩ ጫፍ ዳሰሳትና "የታቹን ጎን አልወለወልሽውም" አለኝ።

"እሱን ደግሞ ማን ያየዋል?"

"የሚከፍታት።"

እየተነጫነጭኩ ወለወልኩት። ቀኗንም ድሮ እንደ ነበረችው ማታ በዐሥራ ሁለት እንድትዘል አድርጌ ገጠምኩ፤ እንግዲህ ጠዋት ጠዋት እንደ ልባቸው ያዙሯት። ድሬሰሩ ግን "ገና ሳይመሽ ነገ ልትለኝ ነው ማለት ነው?" ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ማርያም በሃያ አንድ ናት፤ ዋዜማዋ በሃያ ማታ አይቆምም እንዴ?" አለ አባቴ። "ሰዓትህም ዋዜማ ትቁም።"

ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ። እኔ ያን ሳቅ ረስቼው ነበር።

ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን አባቴን ደግፌ ማኅበሩ ወዳለበት ቤት አስገባሁት። ጸሎቱ ተደርሶ ዳቦው እንደ ተቆረሰ ድሬሰሩ ተነሡ። "ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚሁ መሀላችሁ ይህን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ" አሉ። "ሌባ አይደለም። ሰዓቴን የምሰብራት እኔ ነበርኩ። የተናገርኩትን ሰምታችኋል፤ ይህንንም ስሙልኝ።" ሦስቱን የተሰበሩ ጣቶች በብልቃጧ ውስጥ ይዘዋቸው ነበርና ከእጅ ወደ እጅ አዞሯቸው። ከማኅበርተኛው ብዙው ምን እንደሚያይ አያውቅም፤ ቢሆንም እያንዳንዱ ብልቃጧን ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቷል።

የሚቀጥለውን ወር ድግስ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ አባቴ "ጽዋውን ለኔ" አለ። ሰጡት። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ጠላው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተናወጠ። ድሬሰሩ ከጎኑ እጃቸውን ከእጁ ሥር አስገብተው አብረው ያዙለት። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ጠቡ ባይኖር ኖሮ የዓይኑንም ሞራ ቀድመው የሚያዩለት ድሬሰሩ ነበሩ። "ሞራ እኮ ይወጣል! ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጠህ የምትጠብቀው ምንድን ነው?" ብለው ተቆጥተው ሆስፒታል ወሰዱት። ቀጠሮ ተይዞለታል። ሐኪሙ አይዞህ፣ ታያለህ ብሎታል።

ኅዳር ሃያ፣ የጽዮን ዋዜማ፣ እኔ ሽሮውንና ምስሩን ሳሰናዳ ድሬሰሩ ከሰው ሁሉ ቀድመው መጡ። ሁለቱ ሽማግሎች በር ላይ ካለው አግዳሚ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ድሬሰሩ የአባቴን እጅ ያዙ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ።

"ስንት ነው?" አለ አባቴ።

"ሰባ ሁለት። እንደ ጎረምሳ!"

"ውሸትህን ነው።"

"ሰዓት ይዋሻል እንዴ? አንተው አይደለህ የሠራሃት?"

"ልጄ ናት የሠራቻት" አለ አባቴ። እኔ ከወጥ ቤት ሰምቼ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ፀሐይ ልትገባ ነበር። ድሬሰሩ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው መስኮቷን አፍጥጠው ጠበቁ። እኔም እስከ በሩ ድረስ ወጣሁ። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በደስታ ወደ አባቴ ዞሩ፤ እሱ ስለማያይ ሊነግሩት።

"ዘለለች!" አሉት። "ሃያ አንድ አለች!"

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ፈገግ አለ።

"ምን ትነግረኛለህ፣ አንተ" አለ። "ሰማኋት እኮ።"